ሳላነብ የነገርኩት ፊልም

ዘመኑ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። አክስቴ ሰቆጣ ውስጥ ጠላ ቤት ነበራት። ቤቷ ከሌሎቹ የሚለየው በጠላው አልነበረም፤ ጠላውማ አንዳንድ ቀን ከመቅጠኑ የተነሳ ሰዉ «እሜቴ፣ ጌሾው ዛሬ ታሟል እንዴ?» እያለ ይቀልድባት ነበር። የሚለየው በቴሌቪዥኑ ነው። የባሏ ወንድም ከመቀሌ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የካሴት ዴክ፣ አንድ ደግሞ እንደ በሬ የሚያገሳ ጀነሬተር በጭነት መኪና ጭኖ አመጣላት። ጀነሬተሩ ጓሮ ተቀመጠ፣ ቴሌቪዥኑ ሁለት በርሜል ላይ ወጣ፣ እኛም ፊልም ቤት ሆንን። በገበያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው የሸጠውን ሸጦ ወደ አገሩ ከመነሳቱ በፊት ፊልም እናሳይ ነበር።

እኔ ጠላ ቀጂ ነበርኩ። ፊልም ነጋሪ የሆንኩት ማንም ሹሞኝ አይደለም። የመጀመሪያው ቀን የታየው የህንድ ፊልም ነበር፤ ጀነሬተሩ እየጮኸ ድምፁ አይሰማ፣ ቢሰማስ ህንድኛ ማን ያውቃል? ሰዉ «ምን እያለ ነው? ምን እያለ ነው?» ማለት ሲያበዛ፣ ማንቆርቆሪያ እንደያዝኩ ከበሩ ላይ ሆኜ «ምን ይላል፣ ወንድሜን የሸጥክብኝ አንተ ነህ እያለው ነዋ!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን አክስቴ ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ወስዳ አንድ ቀጭን ዱላ ሰጠችኝ። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ በዱላው እያመለከትኩ፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ ከቆላ ለሚመጡት በአገሬው ቋንቋ በኽምጣና፣ ፊልሙን እነግር ጀመር። ህንድኛም እንግሊዝኛም አላውቅም። ዓይኔ ያየውን ምላሴ ይጨርሰዋል፣ በቃ። ሰዉም ያውቅ ነበር መሰለኝ፤ ግን ደስ ይለው ነበር። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና፣ እኔንም ደስ ይለኝ ነበር።

ስለ ንባቤም ልናገር፤ የኋላው ነገር ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከአክስቴ ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ጭቃው እንዳይረግፍ በጋዜጣ የተለጠፈ ነበር፤ ደብተር ከያዘ ልጅ ሁሉ አንድ አንድ ሆሄ እየለመንኩ፣ ከዓመታት በኋላ ከወለል እስከ ጣሪያ ጨረስኩት። አንዳንዱ ጋዜጣ ተገልብጦ ስለተለጠፈ ገልብጬም አነብ ነበር። ታዲያ ጠላ ጠጪው ፊት ቆሜ ግድግዳውን ጮክ ብዬ ሳነብ «ይቺ እኮ የተማረች ናት» ይሉኛል። አልተማርኩም አላልኩም። የማነበው ግን የማተሚያ ቤት ፊደል ብቻ ነበር። የእጅ ጽሑፍ ሲሆን አንዱም አይገባኝም። ይህንን ደግሞ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ መምህሩ ልምጣ። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድበው የመጡ፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል አስተማሪ ነበሩ፤ ተማሪዎቹ «ቲቸር» ይሏቸዋል፣ እኔም እንዲሁ። ከሰሃላ፣ ከዝቋላ፣ ከአበርገሌ የሚመጡ ልጆች ከተማ ውስጥ ዘመድ ስለሌላቸው ጎተራ በምታክል ክፍል አምስት ስድስት ሆነው ስንቃቸውን ተንተርሰው ነበር የሚያድሩት። መምህሩ ከአንዲት ባልቴት ላይ አንድ ትልቅ የድንጋይ ቤት ተከራዩ። ወንዶቹን ምድር ቤት፣ ሴቶቹን ከባልቴቷ ጋር ፎቁ ላይ አስተኙ። ራሳቸው በሩ አጠገብ ያለችውን ጠባብ ክፍል ያዙ። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን አሰልፈው ጆሮ ያያሉ፣ ጥፍር ያያሉ። ትምህርቱን በዜማ ነበር የሚያስጠኗቸው፤ በአጥሩ ሥር ውሃ ይዞ የሚያልፍ ሰው ስለ ሳንባና ስለ ኩላሊት ሲዘመር ይሰማል። ከተማው በቀልድ «አዳሪ ትምህርት ቤት» ይለው ነበር። መምህሩ ቀልዱን ሲሰሙ ይስቃሉ።

ከዚያ ቤት ልጆች አንዷን እወዳት ነበር። የሰሃላ ልጅ ናት፣ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች፣ የሚኒስትሪ ፈተና ቀርቦባታል። ለባልቴቷ ፍየሎች አተላ ልትወስድ እኛ ጓሮ ትመጣለች። ጠላ ቤት መግባት ስለተከለከለች ጓሮ በር ላይ ባልዲዋን ገልብጣ ትቀመጥና «እትዬ፣ የሳምንቱን ፊልም ንገሪኝ» ትለኛለች። ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። «እትዬ፣ አንቺ ብትማሪ ኖሮ ደራሲ ትሆኚ ነበር» ስትለኝ፣ «ማን አልተማርኩም አለሽ?» እላታለሁ። ይኸው ነበር ጥጋቤ።

አንድ ቀን መምህሩ ራሳቸው መጡ። ካሴት ይዘዋል፤ ክረምት ላይ ለኮርስ ሄደው ያመጡት ነው።

«ይህ ፊልም» አሉኝ፣ «ስለ አንድ የአዳሪ ትምህርት ቤት መምህር ነው። ዘፈን ይበዛበታል። በገበያው ቀን የልጆቹ አባቶች ቢያዩት ብዬ ነው። ምን እንደምሠራ እኔ ስነግራቸው አይገባቸውም፤ ፊልሙ ይነግራቸው ይሆናል።»

«እርስዎስ አይመጡም ቲቸር?»

«በፈተናው ጉዳይ ዝቋላ፣ ጽጽቃ ከተማ ልከውኛል። ለዚህ ነው ታሪኩን የጻፍኩልሽ።» አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ።

«ለእኔ ደግሞ ወረቀት! እኔ ፊልም በዓይኔ ነው የማነበው።»

ሳቁ፤ ግን ወዲያው ሳቃቸውን ተዉት። «ብቻ አንዴ እይው፤ አደራ» አሉኝ።

ጓሮ ሄጄ ገለጥኩት። ከላይ እስከ ታች በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጠላለፈ ጽሑፍ ነው። ከግድግዳዬ ላይ የማውቀው አንድም ሆሄ የለበትም። ገለበጥኩት፣ በብርሃን አየሁት፣ አልሆነም። «መምህር» የምትለዋን ብቻ ለየሁ መሰለኝ፤ እሷንም በግምት። እዚያው ላይ እያለሁ ልጅቷ ባልዲዋን ይዛ መጣች።

«ምንድን ነው እትዬ?»

«የአክስቴ የመድኃኒት ወረቀት ነው» አልኳትና መቀነቴ ውስጥ ከተትኩት።

አንቺ አንብቢልኝ ብላት ኖሮ! የመምህሯን ጽሑፍ እንደ ውሃ ነበር የምታነበው። ግን ደራሲ ትሆኚ ነበር ያለችኝ እሷ ናት፤ በእሷ ፊት ማንበብ የማትችል መሆን አልቻልኩም።

የገበያው ቀን ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። የፍየል ነጋዴው፣ ጨው ነጋዴው፣ ማር ሻጩ፣ ሁሉም አለ። ከፊት፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ዓይናቸው ደከም ያለ አንድ አባት ተቀመጡ። ባዶ የማር ማሰሮ ጉልበታቸው መካከል፣ በጨርቅ የተቋጠረ በሶ ደግሞ ጎናቸው ነበር። በሶው ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። በገበያ ቀን ቋጠሮ የሌለው ማን አለ?

ፊልሙ ጀመረ። የድንጋይ ሕንፃ ነው፣ ሐረግ የወጣበት። ልጆች በሰልፍ ይወጣሉ፣ አልጋቸው በመደዳ ነው። መምህሩ ቀጭን እግር ያለው ፈረንጅ ነው፤ እየዘፈነ ያስተምራል፣ እየዘፈነ ምግብ ያበስላል።

«ሰው እንዴት ወጥ እያማሰለ ይዘፍናል?» አለ ጨው ነጋዴው። ከሁሉ ተረበኛ እሱ ነበር፤ ያለ እሱ ፊልም አይደምቅም።

«ወጡ እንዳያርበት እያባበለው ነዋ!» አልኩ።

ሳቁ። እኔም ሞቀኝ። እስከዚህ ድረስ ጥፋት አልነበረብኝም።

ቀጥሎ የትምህርት ዕረፍት ሆነና የልጆቹ ወላጆች በመኪና እየመጡ ልጆቻቸውን ወሰዱ። ማንም ያልመጣላቸው አምስት ስድስት ልጆች ደረጃው ላይ ቀሩ። መምህሩ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ዘፈን የለም፣ ወሬ የለም፤ ዝም ብለው በሩን ያያሉ። ቤታችንም ዝም አለ። ዛሬ ሳስበው ያ ዝምታ የፊልሙ ነበር፤ ሰዉ እየገባው ነበር። ያኔ ግን ሰዉ ከእጄ የወጣ መሰለኝና ደነገጥኩ።

«ነጋሪ፣ እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ?» አለ ጨው ነጋዴው።

በዚያው ቅጽበት አንዲት ሴት በግቢው በር ገባች። ወጣት ናት፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ፀጉሯን ሁለት ቦታ ተጎንጉናለች፣ ትንሽ ሻንጣ ይዛለች። መምህሩ ሮጦ ሄዶ አቀፋት፣ ግንባሯን ሳማት፣ ሻንጣዋን ተሸክሞ ይዟት ገባ። በሩም ተዘጋ።

«ኧረ! ይቺስ ማን ናት?»

«ማን ትሆናለች፣ ተማሪው ናት!» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ሃያ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። መልሱ አጭር ነው፦ ሰዉ እንዲነቃልኝ። ነቃም። ያፏጨ አለ፣ መሬቱን በዱላው የመታ አለ። ጨው ነጋዴው ተነሳና፣ «ታዲያ ይሄ ነገር የእኛን ሰፈር አዳሪ ትምህርት ቤት አይመስልም?» አለ።

«ያው ነዋ! ካሴቱ ከየት የመጣ መሰላችሁ?» አልኩ።

ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ። አክስቴ እንኳ ከጓዳ ሳቀች። ከፊት ያሉት አባት ብቻ አልሳቁም። በኽምጣና፣ ቀስ ብለው፣ «የልጅቱ አባትስ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

በኽምጣና መለስኩላቸው። ሌላውን እንዳያልፈው ብዬም በአማርኛ ደገምኩት። «አባትየውማ በምን ያውቃል? አገሩ ሩቅ ነው። እሱ ልጄ ትማራለች ብሎ ስንቅ ይልካል!»

ሳቁ ከበፊቱ ባሰ። እሳቸው ወደ ቋጠሮው አዩ። እጃቸውን ከጉልበታቸው አንስተው ቋጠሮው ላይ አሳረፉት። ይህንን አይቻለሁ። አላየሁም ብዬ ራሴን ማታለል ሞክሬ ነበር፤ ግን አይቻለሁ። አይቼም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርኩ። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ በደረጃው ላይ የዘፈነችውን ሁሉ የፍቅር አደረግኩት፣ እሱ የመለሰላትን ሁሉ ማባበያ አደረግኩት። ፊልሙ ሲያልቅ ጭብጨባው ለእኔ ነበር። የእኚያ አባት ቦታ ግን ባዶ ነበር፣ ጠላቸውም አልተነካም።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ መጣች። ባልዲ አልያዘችም። ደብተሮቿን በገመድ አስራ ይዛለች።

«እትዬ፣ አባቴ ሰሃላ ሊወስደኝ ነው።»

«ምነው? ፈተናሽስ?»

«ትናንት እናንተ ቤት ፊልም አይቶ ነው። ‹አስተማሪው ተማሪውን አቅፎ ቤት አስገባት፤ ነጋሪዋም የተማረች ሴት ናት፣ የእናንተም ያው ነው አለች› አለኝ። ባልቴቷ ብትምልለት አልሰማ አለ። ቲቸር ደግሞ ጽጽቃ ናቸው።» ቀና ብላ አየችኝ። «እውነት ነው እትዬ? ፊልሙ እንደዚያ ነው?»

አባትዋ ከመንገዱ ማዶ አህያቸውን ይዘው ቆመዋል። ከእኛ በር እስከ እሳቸው አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። አርባ እርምጃ ሄጄ፣ «አባቴ፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ ፊልሙን አላውቀውም፣ የተሰጠኝንም ወረቀት ማንበብ አልቻልኩም» ማለት ብቻ ነበር። ጨው ነጋዴው ሱቁ በር ላይ ቆሟል፣ ጎረቤት ሁሉ ደጅ ላይ ነው። አፌን ከፈትኩ።

«ፊልም ነው እንግዲህ…» አልኩ።

ትንሽ ጠበቀች። የምጨምረው ያለ መሰላት። ቀጥላም ደብተሮቹን ዘረጋችልኝ። «አስቀምጪልኝ። ለመስከረም አስለምኜ እመጣለሁ።» ከዚያ አርባውን እርምጃ እሷ ሄደችው።

መምህሩ ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሱ። ከባልቴቷ ሰምተው፣ የመንገዱ አቧራ ከላያቸው ሳይራገፍ፣ በቀጥታ እኛ ጋ መጡ። ሲቆጡ አላየሁም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ወረቀቱን አንብበሽው ነበር?»

«አዎ ቲቸር።»

«ሴትዮዋ እህቱ መሆኗን ነገርሻቸው?»

እህቱ! ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

«ነግሬያቸዋለሁ» አልኩ።

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በረጅሙ ተነፈሱና «እንግዲያው የእኔ ጥፋት ነው» አሉ። «ሰው ሲተቃቀፍ የሚያሳይ ነገር ማምጣት አልነበረብኝም። አንቺ የተቻለሽን አድርገሻል።»

አመሰገኑኝ እኮ!

ወደ ሰሃላ በእግራቸው ሄዱ። መኪና አይገባም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ገደል ወርዶ ገደል መውጣት ነው። ሲመለሱ እግራቸው ውሃ ቋጥሮ በነጠላ ጫማ ያነክሱ ነበር። ልጅቷ ታጭታለች፤ አባትየው ከደጅ አላስገቧቸውም። ሌሎች ሁለት አባቶችም መጥተው ሴት ልጆቻቸውን ወሰዱ። በዓመቱ ፎቁ ላይ ባልቴቷ ብቻዋን ቀረች። መምህሩ ወንዶቹን ስምንተኛ እስኪጨርሱ ጠበቁና ዝውውር ጠይቀው ሄዱ። የሄዱ ቀን ቆሜ ሸኘኋቸው፤ ሻንጣቸውንም ያዝኩላቸው። ያን ቀንም አልነገርኳቸውም።

ፊልም መንገር ተውኩ። አክስቴ «ምን ሆነሽ ነው? ሰዉ እኮ አንቺን ፈልጎ ነው የሚመጣው» ብላ ብትለምነኝ፣ ጉሮሮዬን አመመኝ አልኳት። እንግዲህ ውሸቱ አላለቀም፤ ብቻ አጠረ።

ደብተሮቹ አልጋዬ ሥር፣ ሳጥን ውስጥ ነበሩ። መስከረም መጣ፣ ልጅቷ አልመጣችም። ሌላም መስከረም መጣ። አንድ ቀን ገመዱን ፈታሁት። የእጅ ጽሑፏ ክብ ክብና ጥርት ያለ ነው፤ ከሰማይ የወረደልኝ አስተማሪ መሰለኝ። የሳንባውን ትምህርት መምህሩ በዜማ ሲያስጠኑ በአጥር ሰምቼው ስለነበር፣ ዜማውን እያስታወስኩ ከጽሑፏ ጋር አስተያየሁት። ይቺ «ሳ»፣ ይቺ «ን»፣ ይቺ «ባ»። ከሳንባ ወደ ኩላሊት፣ ከኩላሊት ወደ ልብ። አንድ ክረምት ፈጀብኝ። ትምህርቷን አቋርጬባት፣ በደብተሯ እኔ ተማርኩ። ይህንን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

የእጅ ጽሑፍ ማንበብ የቻልኩ ሲመስለኝ የመምህሩን ወረቀት አወጣሁ። እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ሴትዮዋ ወላጆቻቸው ሲሞቱባቸው እሱ ያሳደጋት ታናሽ እህቱ ናት። ዘፋኝ ሆና ከተማ ትኖራለች፤ ወንድሟ በድህነት እንዳያረጅ ልትወስደው ነው የመጣችው። በደረጃው ላይ የምትዘፍነው «ና እንሂድ» ነው። እሱ የሚመልስላት ደግሞ «ማንም የማይመጣላቸውን ለማን ልተዋቸው?» ነው። በመጨረሻ እሷም ቀረች፤ ልጆቹን ዘፈን ልታስተምር። መምህሩ ከዚህ ሥር መስመር አስምረው፣ «ሲያቅፋት ሰው እንዳይሳሳት እህቱ መሆኗን አስቀድመሽ ንገሪልኝ» ብለዋል።

ከሁሉ በታች ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «የእጅ ጽሑፌ ለማንም ያስቸግራል። ካልተነበበልሽ ከእኛ ቤት ልጆች አንዷ ታንብብልሽ። የሰሃላዋ ልጅ ለምዳዋለች፤ አንቺንም ትወድሻለች።»

አውቀውኛል። ያኔ ሳቃቸውን ቶሎ የተዉት ለዚህ ነበር። ማንም ሳያውቅብኝ የምወጣበትን በር ጽፈው ሰጥተውኝ ነበር፤ በሩም ያው ያላነበብኩት ወረቀት ላይ ነበር።

ዓመታት አለፉ። አክስቴ አረፈች፣ ቴሌቪዥኑ ተበላሸ። በዚያው ቤት ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ። ያን ጊዜ ወጣቱ ዓረብ ሀገር መሄድ ጀምሮ ነበርና፣ ከገጠር የሚመጡ እናትና አባቶች የልጆቻቸውን ደብዳቤ ይዘው ይመጣሉ። አነብላቸዋለሁ፣ መልሱንም እጽፍላቸዋለሁ። አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ከተጻፈው ላይ አንዲት ቃል አልጨምርም። አንዳንዷ እናት «ናፈቅሽኝ አላለችም?» ብላ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ፣ ከሌለ የለም እላለሁ። ደረቅ ሴት ይሉኛል። እኔን! ያኔ ጨው ነጋዴውን በሳቅ የገደልኩትን!

አንድ የገበያ ቀን በጣም ያረጁ አባት ከዘራ ተደግፈው ገቡና ፖስታ ዘረጉልኝ። ፊታቸውን አልለየሁትም። ፖስታውን ስከፍት ግን እጄ ቆመ። ክብ ክብ፣ ጥርት ያለ ጽሑፍ ነው። «ሳ»ዋን አወቅኳት፤ ማንበብ ያስተማረችኝ «ሳ» ናት።

አነበብኩላቸው። ደህና ነኝ ትላለች። ባሏን ፈትታ ዓረብ ሀገር ከሄደች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ትንሿን ልጇን ለእሳቸው ትታላቸዋለች። ከብቶቹን ትጠይቃለች። ልጄን ትምህርት ቤት ያስገቧት ትላለች። አልቋል።

አባትየው ፊቴን በደከመ ዓይናቸው ሲመረምሩ ቆዩ። «ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ» አሉ። «የፊልሟ ነጋሪ አይደለሽ? ጎበዝ ነበርሽ። እግዜር ይስጥሽ፤ ያን ቀን ልጄን ያዳንሽልኝ አንቺ ነሽ።»

ወንበር አስጠጋሁላቸውና ነገርኳቸው። በኽምጣና ነገርኳቸው፤ በአማርኛ አልደገምኩትም። ወረቀቱን፣ ማንበብ አለመቻሌን፣ እህቱ መሆኗን፣ «ያው ነው» ያልኩት ለሳቅ ብዬ መሆኑን፣ መምህሩንም እንደዋሸኋቸው። ስናገር መሬት መሬቱን ነበር የማየው። ጨርሼ ቀና ስል ወደ በሩ ያያሉ።

«በር ላይ መልሼያቸዋለሁ» አሉ። «ሁለት ቀን በእግሩ የመጣን ሰው፣ ውሃ ሳላጠጣ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው አባቴ። ይርገሙኝ።»

«መርገም ምን ያደርጋል? እስክሪብቶ አምጪ።» ወረቀት ዘረጋሁ። ከብቶቹ ደህና እንደሆኑ አስጻፉኝ፤ ልጅቱም መስከረም ትገባለች አሉ። ከዚያ፣ «አሁን የነገርሽኝን ጻፊላት» አሉኝ።

«አባትሽ እንዲህ ይላል ብዬ?»

«የለም። እኔ ይህን አድርጌሻለሁ ብለሽ ጻፊ። የራስሽን።»

ጻፍኩ። የማታውቀው ምንም ነገር እንዳይቀር ብዬ አርባውን እርምጃ ሳይቀር ጻፍኩ። ደብተሮቿ እንዳሉም ጻፍኩ። ስጨርስ «አንብቢልኝ» አሉ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰው ቆሟል፣ ይሰማል። አላቆምኩም።

መልሱ ከወራት በኋላ መጣ። እሳቸው ገበያ እስኪመጡ ሳልከፍት አቆየሁት፤ የተላከው ለእሳቸው ነው። ሲመጡ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ እኔ ቆሜ አነበብኩ። ደህና ነኝ። የላኩት ብርድ ልብስ ደረሰዎት ወይ? ልጄ ፊደል ለየች ወይ? ጥርሷ ወለቀ ወይ? ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

«ስለዚያ ነገርስ?» አሉ።

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ነጭ ነው። ፖስታውን ውስጡን አየሁት። ለደብተሮቹ እንኳ አንድ ቃል የለም። ሽማግሌው አንገታቸውን አስግገው፣ ያኔ በቴሌቪዥኑ ሥር እንደጠበቁኝ ይጠብቁኛል። ይቅር ብላለች ብል ያምኑኛል። ሁለት ቃል ናት። ለእሳቸው ብዬ ነው ብዬ ለራሴም ምክንያት አገኝ ነበር።

«እስኪ ደግመሽ እይው» አሉኝ።

ደግሜ አየሁት፤ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው፣ እያንዳንዷን ክብ ሆሄ።

«ምንም አላለችም አባቴ» አልኳቸው።